የዐረፋው ጠርሙስ

ማሂራ ጠዋት ጠዋት የሱቋን ቆርቆሮ ወደ ላይ ገፍታ ስታበቃ፣ ሻይ ሳታዝ፣ ከጎረቤትም ጋር ሰላምታ ሳትለዋወጥ፣ አንዲት የማርማላታ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ ትገለብጣለች። ከጠርሙሱ የልብስ ቁልፎች ይዘረገፋሉ። ጥቁር የካፖርት ቁልፍ፣ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የልጆች ሹራብ ላይ የሚተከል ቀይ ቁልፍ፣ አንዳንዴም ከወታደር ልብስ የተረፈ የናስ ቁልፍ። በመዳፏ ጠረግ አድርጋ ትሰበስባቸውና አንድ በአንድ እያየች የሽርጧ ቀኝ ኪስ ውስጥ ትጨምራቸዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መንገደኛ ቢያያት ዱዓ የምታደርግ ይመስለዋል። እሷ ግን የዕለቱን ሥራ እያነበበች ነው።

እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ጉዳይ ነው። ጥቁሩ ክር አከፋፋዩ ዘንድ መሄድ ሊሆን ይችላል፤ ነጩ የግብር ሰልፍ፤ ቀዩ ለታመመ የጎረቤት ልጅ መድኃኒት። የትኛው ቁልፍ የምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሥራው ሲያልቅ ቁልፉ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ይሻገራል። ሰው እያነጋገረች፣ ዳንቴል እየለካች፣ ከኩሊ ጋር እየተጨቃጨቀች እጇ ቀኝ ኪሷን ይዳስሳል፤ ምን ያህል እንደቀረ ጣቶቿ ይነግሯታል። ማታ ቀኝ ኪሷ ባዶ የሆነ ዕለት ፊቷ ይፈታል፤ ለጎረቤቷ ለባህረዲን ቀልድ ሳይቀር ትስቃለች።

ባንኮኒው ጥግ የሚቀመጡት ጠርሙሶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የዛሬ ነው። ሳይሠራ ቢያድር የሚያስቀጣ፣ የሚያስጮህ፣ ደንበኛ የሚያሳጣ ነገር ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው የጁምዓ ነው። ዓርብ ዓርብ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ያለው መንገድ በሰጋጅ ሲሞላ ሱቅ ስለሚዘጋ፣ ለቅሶ መድረስ፣ በሽተኛ መጠየቅ፣ የቤት ኪራይ የመሰለ ጥቃቅን ጉዳይ ሁሉ ለዚያ ከሰዓት ይቀጠራል። ሦስተኛው የዐረፋ ነው። የስልጤ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ መርካቶ ውስጥ ሲራወጥ ይከርምና ለዐረፋ በዓል ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል። የእናት ቤት ጣሪያ፣ የወንድማማች ጠብ፣ የድንበር ክርክር፣ የእህት ትዳር፣ ሁሉም ያችን ሳምንት ይጠብቃል። "ለዐረፋ" ከተባለ ነገሩ ቀጠሮ ተይዞለታል ማለት ነው፤ ማንም አይቀየምም። ማሂራ ይህን የሰፈሩን ልማድ ጠርሙስ ውስጥ ከተተችው እንጂ እሷ አልፈጠረችውም።

ጎረቤቷ ባህረዲን፣ ዚፕና ላስቲክ የሚሸጠው፣ በዚህ ሲቀልድ አይደክመውም።

"መለከል መውት እንኳ ነፍሴን ሊወስድ ቢመጣብኝ፣ 'ወንድሜ፣ አሁን ገበያ ላይ ነኝ፤ ለዐረፋ አገር ቤት እንገናኝ' ነው የምለው" ይላል።

"አንተማ ዋጋ ተከራክረህ ታባርረዋለህ" ትለዋለች።

"አንቺስ? ቁልፍ ታስቀምጪለታለሽ!"

ማሂራ መርካቶ የገባችው መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላትም። ባሏ ለንግድ ብሎ ጅማ ወርዶ እዚያው ሌላ ትዳር ሲይዝ፣ ገና በእግሯ መሮጥ የጀመረች ልጅ ይዛ ዳሎቻ አካባቢ እናቷ ቤት ተመለሰች። ብዙም ሳትቆይ አጎቷ "ሱቅ የሚቆምልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ልጅ ግን አይመቸኝም፤ የምንተኛው ዕቃ ላይ ነው" ብሎ ላከባት። እናቷ ሀፍሷ፣ "ሂጂ፤ እኔ አለሁላት። ለዐረፋ መጥተሽ ትወስጃታለሽ" አለቻት።

በሄደችበት ጠዋት ልጅቷ፣ ካሚላ፣ እግሯ ላይ ተጠመጠመች። አያትየዋ ከወዲያ፣ ማሂራ ከወዲህ ጣቶቿን ሊያላቅቁ ሲታገሉ የሹራቧ ቁልፍ ተነቅሎ ማሂራ እጅ ውስጥ ቀረ። የወተት ቀለም ያላት፣ መሐሏ ላይ ትንሽ አበባ የተቀረጸባት ቁልፍ ናት። ማሂራ እስከ አዲስ አበባ ድረስ እጇን ጨብጣ ሄደች። አውቶቡስ ተራ ስትወርድ አበባዋ መዳፏ ላይ ታትማ ነበር።

አጎቷ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። አንድ ትእዛዝ ሳያልቅ ሌላ ይጨምራል። እህል በረንዳ ሂጂ፣ ኩሊ ጥሪ፣ ለእገሌ ዕቃው ገብቷል በይው፣ ስትመለሺ ሻይ ይዘሽ ነይ። አንድ ቀን ከአገር የመጣን ትልቅ ደንበኛ መልእክት ሳትነግረው ቀረችና ሰውየው ዕቃውን ከሌላ ገዝቶ ሄደ። አጎቷ ወንዶች በተቀመጡበት፣

"ጭንቅላትሽን አገር ቤት ጥለሽው ነው እንዴ የመጣሽው?" ብሎ ጮኸባት።

ወንዶቹ ሳቁ። ማሂራ ግን እውነቱን እንደተናገረ ታውቃለች። ክር ስትቆጥር የምታስበው ካሚላ ዛሬ ምን በላች፣ ማን አስተኛት እያለች ነበር። ወለል ላይ የወደቁ ቁልፎችን ለቀመችና ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ አንድ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም ነገር አልረሳችም። ስለ ልጅቷም በየሰዓቱ ማሰብ ቀስ እያለ ቀረላት። ባለአበባዋ ቁልፍ ለብቻዋ፣ በኋላ የዐረፋው በሆነው ጠርሙስ ውስጥ ተቀመጠች። የምትወክለው ጉዳይ አንድ ነበር፤ ካሚላን ማምጣት።

የመጀመሪያው ዐረፋ ደረሰ። ማሂራ የጠርሙሱን ቁልፎች በመሐረብ ቋጥራ አገሯ ገባች። ልጅቷ አቅፋት አደረች። ግን ማሂራ የምታድረው ገና አጎቷ ሱቅ ውስጥ፣ በጣቃ ጨርቅ ላይ ነው፤ ልጅ የት ይተኛል? ባለአበባዋ ቁልፍ በመሐረቡ ተቋጥራ ተመለሰች። በሚቀጥለው የራሷን ሱቅ ተከራይታ ነበር፤ የቆርቆሮው ቀለም እንኳ አልደረቀም፣ ሱቁ ይርጋ አለች። ከዚያ ካሚላ ትምህርት ጀመረች፤ ከመሐል ማቋረጥ ደግ አይደለም ተባለ። ከዚያ አያትየዋን ወገቧን አመማት፤ ውኃ የሚቀዳላት ያስፈልጋል። በዘጠና ሰባቱ ግርግር መርካቶ ተዘጋግቶ ተኩስ ሲሰማ ማሂራ ወለል ላይ ተኝታ፣ "እንኳንም አላመጣኋት" አለች። ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በመዘግየቷ ደስ አላት። ከዚያም ሱቆቹ ፈርሰው ፎቅ ሊሠራ ነው፣ በአክሲዮን ተደራጁ የሚል ወሬ መጣ፤ ነገ የት እንደምትሆን የማያውቅ ሰው ልጅ አያመጣም። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነበር። ዛሬም ቢሆን አንዱንም ሐሰት ነው ልትል አትችልም።

ቁልፏ በየዓመቱ ሄዳ ትመለሳለች። ልጅቷ በየዓመቱ ትረዝማለች። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ቀጥሎ ዝም ብላ ትሸኛት ጀመር፤ ቀጥሎ አውቶቡሱን ሳትጠብቅ እንስራዋን ይዛ ወደ ውኃ ትወርዳለች።

በዚህ መካከል የማሂራ ስም በተራው ውስጥ ከፍ አለ። ለማሂራ የነገርከው አይጠፋም ይባላል። ደንበኛ የጎደለውን ሲፈልግ መጀመሪያ እሷ ጋ ነው የሚመጣው። በተለይ ልብስ ሰፊው ጋሽ ውቤ ከአማኑኤል በኩል በየሳምንቱ አሮጌ ልብስ ብብቱ ሥር ይዞ ይመጣል። የጠፋ ቁልፍ ማመሳሰል ሥራው ነው።

"ማሂራዬ፣ አንዲት ጎደለችኝ።"

"ጋሽ ውቤ፣ እርስዎ ሁልጊዜ አንዲት ነው የሚጎድልዎት። አንድ ቀን እንኳ ደርዘን ጎድሎኝ አይሉም?"

"ደርዘን የጎደለው ሰው አዲስ ልብስ ይገዛላ! እኔ ጋ የሚመጣው አንዲት የጎደለው ነው።"

እሷም መሳቢያ ሁሉ ስባ፣ ጆንያ አራግፋ ታገኝለታለች። ጋሽ ውቤ ባዶ እጁን የሄደበት ቀን የለም። ይህ ትልቁ ኩራቷ ነበር።

ሚሊኒየሙ በገባ ሰሞን ቀበሌው ነጋዴዎችን አዳራሽ ሰብስቦ የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና ሰጠ። አሠልጣኙ ማርከር የያዘ ቀጭን ወጣት ነው። ሰሌዳው ላይ አራት ሳጥን ሣለና ሥራን በአስቸኳይና በጠቃሚ ስለ መለየት ያስረዳ ጀመር። ባህረዲን እጁን አወጣ።

"መምህር፣ ይኼን ነገር እኛ ሰፈር በማርማላታ ጠርሙስ የምትሠራው አለች።"

ሰው ሁሉ ወደ ማሂራ ዞረ። ወጣቱ ደስ ብሎት፣ "እትዬ፣ እስኪ ይነሱልን" አላት። እያፈረች ተነሥታ ስለ ጠርሙሶቹ ተናገረች። ወጣቱ ራሱን እየነቀነቀ ሰማትና፣

"ሦስተኛው ውስጥ ምን ይቀመጣል?" አላት።

"የአገር ቤት ጉዳይ።"

"አስቸኳይ ነው?"

"አይ፣ ይቆያል።"

"ጠቃሚስ ነው?"

"እሱማ ከሁሉም ይበልጣል።"

"ታዲያ ለምን መጨረሻ ሆነ?"

"አይጮህማ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባህረዲን አጨበጨበ። ወጣቱ ግን አልሳቀም። ሰሌዳው ላይ ከሳጥኖቹ አንዱን ደጋግሞ አከበበና፣ "ቀን ልንቆርጥለት የሚገባው ይኼ የማይጮኸው ነው፤ አለበለዚያ ሳንሠራው ነው የምናረጀው" አለ። ማሂራ ሱቋ ስትመለስ የዐረፋውን ጠርሙስ አነሣች። አቧራውን በሽርጧ ጠርጋ፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። የተሰጣት የምስክር ወረቀት ከዳንቴሉ መደርደሪያ በላይ እስከ ዛሬ ተሰቅሏል።

በዓመቱ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ወንድሟ ሙናዊር ከአገር ደወለ። ደጅ ላይ ዕቃ እየተራገፈ ነው፤ ኩሊዎቹ መንገድ ዘግተው ባለ መኪናው ጥሩንባ ይነፋል። ማሂራ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ይዛ፣

"ቶሎ በል" አለችው።

"ስለ ካሚላ ነው።"

"አመማት?"

"ኧረ ደህና ናት። ነገሩ የሚወራ ነው፤ ረጋ ብለን እንድን . . ."

"ካላመማት በኋላ እደውላለሁ። ኩሊ ቆሞብኛል።"

"ማሂራ፣ ሰዎች መልስ ይጠብቃሉ። እንዳትረሺ።"

"እኔ ረስቼ አውቃለሁ?"

አልረሳችም። ስልኩን እንደዘጋች ሰማያዊ ቁልፍ አንሥታ የጁምዓው ጠርሙስ ውስጥ ጣለች። ዓርብ ሲደርስ የአንድ ደንበኛ አባት ሞተው ቀብር ሄደች። በሚቀጥለው ዓርብ የግብር ጉዳይ ገጠማት። የጠርሙሶቹ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ሁለት ጁምዓ ያለፈው ነገር ወደ ዐረፋው ይሻገራል፣ ከዐረፋው ወደ ኋላ የሚመለስ የለም። ሰማያዊዋም ተሻገረች። ማሂራ ያን ጊዜ ልቧ ውስጥ ትንሽ ነገር እንደቆነጠጣት ታስታውሳለች። ግን ዐረፋ ሩቅ አልነበረም፤ ደግሞም በዚያ ሰሞን ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ነበር። አንደኛው ክፍል አልጋ ገብቶበታል። በዚህኛው ዐረፋ፣ ወላሂ፣ ካሚላን ይዛት ትመጣለች።

ዐረፋ ሳይደርስ ካሚላ መጣች።

ሐሙስ ቀን ነበር፤ ገበያው የሚፈላበት። ማሂራ አጎንብሳ ላስቲክ ትጠቀልላለች። አንዲት ሴት ልጅ ባንኮኒው ፊት ቆማ ጥላዋ እጇ ላይ ሲያርፍ፣ ቀና ሳትል፣

"ምን ልስጥሽ የኔ ልጅ?" አለች፤ ለሁሉም ወጣት ደንበኛ እንደምትለው።

"ካሚላ ነኝ።"

ላስቲኩ ከእጇ አምልጦ ወለል ላይ ተዘረጋ።

ባህረዲን ሁለት በርጩማ አቀበለ፤ ሻይም አዘዘ። ማሂራ በስልጥኛ ስታናግራት ልጅቷ የምትመልሰው በትምህርት ቤት አማርኛ ነው፤ "እርስዎ" እያለች፣ ቃል እየመረጠች፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባች ይመስል። ከሙናዊር ሚስት ጋር ነው የመጣችው። እሷ ዱባይ ተራ ልብስ እያየች ነው።

"የምን ልብስ?" አለች ማሂራ።

"የሰርግ።"

"የማን ሰርግ?"

ልጅቷ ሻዩን አማሰለች። "የኔ ነው። ለዐረፋ።"

ከጎን ባህረዲን ዚፕ መቁጠሩን አቆመ። ማሂራ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፤ እዚያ ውስጥ ግን የዚህ ጉዳይ ቁልፍ አልነበረም።

"እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"አጎቴ ደውሎልዎት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ ከእርስዎ መልስ ጠፋ። እማ እሺ አለች።" እማ የምትለው አያቷን ነው።

"እናትሽ እኔ አይደለሁም ወይ?"

"ነዎት" አለች ካሚላ። በድምፅዋ ውስጥ ክፋት የለም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። "ሥራ ይበዛብዎታል። እማ ሁልጊዜ ትነግረን ነበር፣ እንዳንቀየም።"

"በዚህ ዐረፋ ልወስድሽ ነበር እኮ! ሁለት ክፍል ቤት ይዣለሁ። አልጋ ገዝቻለሁ። ነይ፣ አሁን ላሳይሽ፤ ቅርብ ነው . . ."

"አራተኛ ክፍል እያለሁም ነግረውኛል። ያን ጊዜ ደብተሬን ሁሉ አስሬ ጠብቄ ነበር።" ፈገግ አለች። "አሁን ግን እማ ዓይኗ ደክሟል። ልጁም የእኛው ሰፈር ሰው ነው፤ ከእሷ አልርቅም።"

በዚህ መሐል አንድ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ፣ "እትዬ፣ ያን ሰፊውን ዳንቴል ይለኩልኝ፤ መኪና ቆሞብኛል!" ብሎ ጮኸ። ማሂራ ካሚላን አየች፤ ሰውየውን አየች። "አንዴ ብቻ" ብላ ተነሣች። ለካች፣ ቆረጠች፣ ጠቀለለች። ስትመለስ ልጅቷ በርጩማው ላይ የለችም፤ ጠርሙሶቹ ፊት ቆማለች።

"የዐረፋው የትኛው ነው?"

"ያ፣ የዳር።"

"እማ ነግራኛለች። የኔ ቁልፍ እዚህ ውስጥ ናት አለች። የቷ ናት?"

ማሂራ ጠርሙሱን ከፈተች። ጣቷን ሰድዳ ቁልፎቹን ወዲያና ወዲህ አደረገች፤ የሰማያዊዋን ጠርዝ ነካች። ከሥር አንዲት ነጭ፣ ለስላሳ፣ ምንም ያልተቀረጸባት ቁልፍ አወጣችና መዳፏ ላይ አኖረችላት። ካሚላ ገለበጠቻት። ጀርባዋንም አየች። ብዙ ቆየች።

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

"እሺ" አለች። "መውሰድ እችላለሁ?"

"ውሰጃት።"

ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት፣ የማሂራን እጅ ስማ፣ ሰዉ መሐል ገብታ ሄደች። ሲመሽ ማሂራ ቀኝ ኪሷን ዳሰሰች። ባዶ ነበር። የቀኑ ሥራ ሁሉ አልቋል።

ለዐረፋ እንደ ሁልጊዜው ሱቋን ዘጋች፣ ቁልፎቹን በመሐረብ ቋጠረች፣ አውቶቡስ ተራ ተጋፍታ አገሯ ገባች። ሰርጉ የሞቀ ነበር። ሙሽራይቱ አጠገብ፣ የእናት ቦታ ላይ፣ ሀፍሷ በደከመ ዓይኗ እንግዳ በድምፅ እየለየች ተቀምጣለች። ማሂራ ከአዲስ አበባ ባመጣችው አዲስ ቀሚስ ከዘመድ ጋር ተቀመጠች። ከሙሽራው ወገን የሆነች ሴት ቆጮ እያቀረበችላት፣ "አክስቷ ነሽ አይደል? ነጋዴዋ?" አለቻት። ማሂራ ቆጮውን ተቀብላ አመሰገነች።

በማግስቱ እናቷ ከሳጥን ውስጥ ጋቢ አውጪልኝ ብላ ላከቻት። ጋቢው ሥር የልጅ ሹራብ ተጣጥፎ ነበር። ቀለሙ ወይቧል። ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ታች የወተት ቀለም ያላቸው ቁልፎች ተሰልፈዋል፤ በእያንዳንዳቸው መሐል አበባ አለ። አንዱ ቦታ ባዶ ነው፤ የተበጠሰው ክር እንኳ አልተነቀለም። ማሂራ የሹራቡን ትንሽ ኪስ ዳሰሰች፤ ልማድ ነው። ነጯ ቁልፍ እዚያ ውስጥ ነበረች። አልተሰፋችም።

"አገኘሽው?" አለች እናቷ ከውጭ።

"አገኘሁት።"

"ሹራቧን እንዳትነኪብኝ። ለጎረቤት ልጅ ልስጠው ብል ካሚላ እምቢ አለችኝ። ሕፃን ሆና፣ 'ቁልፉን እናቴ ይዛው ትመጣለች፤ ያኔ እንሰፋዋለን' ትል ነበር። እንዲሁ ስትል አደገች።"

ማሂራ ሹራቡን እንደነበረ አጣጥፋ፣ ነጯን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ መልሳ፣ ጋቢውን ይዛ ወጣች። ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ካሚላ እስከ መንገዱ ሸኘቻት፤ ዘንቢሏንም ያዘችላት። አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ ቆመች። "በሰላም ይግቡ፣ እትዬ" አለቻት። ስለ ቁልፏ ያን ቀንም ከዚያም በኋላ አንሥታ አታውቅም።

ማሂራ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮዋን ገፍታ ጠርሙሷን ትገለብጣለች። የዐረፋውም ጠርሙስ ከቦታው አለ፤ የጣሪያ ጉዳይ፣ የድንበር ጉዳይ አለበት። ይህን ሁሉ እንድጽፈው ስታወራልኝ የደበቀችው ነገር አልነበረም፤ ባሏንም፣ አጎቷንም፣ የሰርጉን ቆጮም እንዳለ ይጻፍ አለች። አንዲት ነገር ብቻ ትቅር አለች።

ባለአበባዋ ቁልፍ የሄደችው ልጅቷ ከመምጣቷ ብዙ ዓመት በፊት ነው። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጋሽ ውቤ የአንዲት ትንሽ ልጅ ቀሚስ ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። "ማሂራዬ፣ አንዲት ጎደለችኝ።" መሳቢያው ተሳበ፣ ጆንያው ተራገፈ፤ የለም። ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ሊወጣ ሲል ዓይኑ ጥግ ላይ ባለው ጠርሙስ ላይ አረፈ። "ይቻትና! አምላኬ፣ ቁርጥ እሷን!" ደንበኞች ተደርድረዋል፤ አንዱ ክር ይላል፣ አንዱ መርፌ ይላል። ማሂራ ጠርሙሱን ከፍታ ባለአበባዋን አወጣች፣ ለጋሽ ውቤ ሰጠችው፣ በምትኩም ከባንኮኒው ላይ ቅርብ የነበረችውን ነጭ ቁልፍ ጣለች። የሚያስታውሰው ጭንቅላቷ ነው፤ ቁልፉ ማንኛውም ቢሆን ምን ቸገረ?

"ሸጠቻት ብለሽ ጻፊ፤ ግድ የለም" አለች። "መርካቶ ውስጥ የማይሸጥ የለም። ያን ቀን ምንም እንዳልተሰማኝ ግን አትጻፊው።"